የትርፍ ድርሻዬ አልገባም፦ ችግሩና መፍትሄው

ሀዋሳ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። በየዓመቱ ህዳርና ታህሳስ፣ የአክሲዮን ማህበራት ጉባኤ በሚበዛበት ሰሞን፣ ጠረጴዛዬ በተከፉ ባለአክሲዮኖች ይከበባል። የአክሲዮን ምስክር ወረቀታችሁን ይዛችኋል፣ የኩባንያውን የአክሲዮን ክፍልም ቢያንስ አንድ ጊዜ ጠይቃችኋል ብዬ ልነሳ።

የትርፍ ድርሻ ማለት ኩባንያው ከትርፉ ለባለአክሲዮኖች የሚያካፍለው ገንዘብ ነው። ባንክ ሒሳባችሁ የገባው በጉባኤ ከታወጀው ካነሰ፣ መጀመሪያ የትርፍ ድርሻ ግብር መቀነሱን አስቡ። ከዚያም በላይ ከጎደለ፣ አክሲዮኑን የገዛችሁት በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ሆኖ ድርሻው ገንዘባችሁ በቆየበት ጊዜ ልክ ብቻ ታስቦ ሊሆን ይችላል። ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ለጉባኤ አልተጠራሁም ለሚል፦ ጥሪው በጋዜጣ ወጥቶ ይሆናል፤ ጋዜጣ ተመልከቱ።

ምንም ካልገባስ? እኔ ዘንድ ከሚመጡት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ለማለት እስኪያስደፍረኝ ድረስ ስም ነው። አንድ ጡረተኛ መምህር ሦስት ገጽ የክስ ረቂቅ በእጃቸው ጽፈው መጡ፤ ኩባንያው ገንዘቤን በላ ይላል። «አባባ፣ ክሱን እናቆየውና የባንክ ደብተርዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው። በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ወ/ሚካኤል፣ በመታወቂያቸው ወልደሚካኤል፣ በባንክ ደብተራቸው ደግሞ ያለ «ወልደ» ሚካኤል ብቻ! ክፍያው በየዓመቱ ተልኮ በየዓመቱ ይመለስ ነበር። አንዲት የሆቴል ሠራተኛ ደግሞ የአያቷ ስም ከመዝገብ በመቅረቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ድርሻዋ ለሞክሼዋ ሲከፈል ኖሯል። ስም በስልክ እየሰሙ የሚመዘግቡትን ሠራተኞች ምን እንደምላቸው አላውቅም። ሲፈርም አንድ ስም፣ ሲበደር ሌላ ስም የሚጠቀመው ደንበኛም ከነሱ አይሻልም።

መፍትሄው ይህ ነው። የምስክር ወረቀቱን፣ አክሲዮኑን ስትገዙ የከፈላችሁበትን የባንክ ደረሰኝና የመታወቂያችሁን ቅጂ አያይዛችሁ የስም ማስተካከያ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ለኩባንያው መዝገብ ቤት ስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉበት። ማህተም የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል። ደግሜ እላለሁ፣ እንዳልገባ! ኩባንያው በዚህ ካልረካ፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠይቃችኋል። ከመዝገቡ ጋር ለማስማማት ብላችሁ ግን መታወቂያችሁን እንዳትለውጡ፤ አንዱን ስትጠግኑ ባንኩ፣ ግብሩና ካርታው ይበላሻሉ። ዋናውን የምስክር ወረቀትም ለማንም አታስረክቡ፤ ለእኔም ቢሆን።

ባለአክሲዮኑ ከሞተ፣ በሕይወት ሳለ የሰጠው ውክልና አብሮት ያበቃል። የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ።

የአክሲዮን ክፍሉ ዝም ካለ ለዳይሬክተሮች ቦርድ በጽሑፍ አመልክቱ። ቦርዱም ዝም ካለ፣ ኩባንያው ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ከሆነ ብሔራዊ ባንክ አለ፤ አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ። ፍርድ ቤት የምትሄዱ ከሆነ የ1952ቱን ንግድ ሕግ አንቀጽ ቆጥራችሁ አትምጡ፤ ስለ ንግድ ማህበራት የሚናገረው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ለመምህሩም ይህንኑ ነግሬያቸው ነበር፤ ሦስቱም ገጽ በአሮጌው ሕግ የተሞላ ነበር።