ድምፅን የሚያተርፍ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ታክሲ እነዳለሁ። በግራ የድምፅ አውታሬ ላይ የወጣውን ካንሰር በሌዘር አስወጥቼ ዛሬም ከተሳፋሪ ጋር እከራከራለሁ። ድምፄ ሻክሯል። ለመዝሙር አይሆንም፤ ለክርክር ግን ይበቃል። "የጉሮሮ ካንሰር" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንገት ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነው። ሁሌም እንደዚያ አይደለም።

ድምፃችሁ ሻክሮ 3 ሳምንት ካለፈው ማሩንና ዝንጅብሉን ተዉት። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ያያል፤ የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ከቦታው ተቆንጥሮ በሚመረመር ናሙና ነው።

ካንሰር ከሆነ መጀመሪያ "አውታሮቼ ይንቀሳቀሳሉ?" በሉ። ዕጢው ትንሽ ከሆነና አውታሩ ከተንቀሳቀሰ በአፍ በኩል በሌዘር ሊወጣ ይችላል፤ አንገት አይቀደድም። ጨረርም አማራጭ ነው፤ በዚህ ደረጃ ሁለቱም በደንብ ያድናሉ። ቀዶ ሐኪሙንም የጨረር ሐኪሙንም አነጋግሩ። እያንዳንዱ የራሱን ሙያ ማመስገኑ አይቀርም፣ ምን ይደረግ!

ዕጢው ሰፋ ካለ ማንቁርትን፣ ማለትም የድምፅ አውታሮቹ ያሉበትን የጉሮሮ ክፍል፣ በከፊል ማውጣት አለ። እዚህ ላይ ሰው ስለ ድምፅ ብቻ ይጨነቃል። እኔ ስለ ሳንባችሁ ጠይቁ እላለሁ። ማንቁርት ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ የሚጠብቅ በር ነው። ከፊሉ ሲወጣ ትን ማለት ይበዛል፤ ደካማ ሳንባ ይህን አይችልም። "ሳንባዬ ይችለዋል? እርስዎስ ይህን ቀዶ ሕክምና አዘውትረው ይሠራሉ?" በሉ። ካንሰሩ የማንቁርቱን ለስላሳ አጥንት በስቶ ከወጣ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉውን ማውጣት ይሻላል። ያኔም በመተንፈሻና በምግብ ቧንቧ መካከል በምትገባ ትንሽ ቫልቭ መናገር ይቻላል። ሲንገርና ብሎም የተባሉ አሜሪካውያን ይህን ዘዴ ያስተዋወቁት በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። "አማርኛ" በሉና ጠብቁ።

ከቀዶው በኋላ ዝም በሉ ከተባላችሁ ዝም በሉ፤ ማንሾካሾክም እረፍት አይደለም። እኔ በቴክስትና በጥቅሻ ነው ያለፍኩት። ባለቤቴ "ያን ሰሞን ቤቱ ሰላም ነበር" ትላለች። ማንቁርቱ በከፊል ለሚወጣለት ሰው የመዋጥ ልምምድ ከቀዶው በፊት ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ውሃ ከአጥሚት ይበልጥ ያስቸግራል። ሲጋራ አቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀጠሮው ይበዛል፤ ያቺ ካሜራ ደጋግማ ትገባለች። የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ቢወደድም አንዱንም አትዝለሉ።