ክረምት ላይ ክፍል ለምን ይሸታል? የጅማ አካባቢ ትንንሽ ሆቴሎች ችግርና መፍትሄ

ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም አጋማሽ ከሰርቦ እስከ አጋሮ፣ ከሰቃ እስከ ሊሙ ገነት የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ዓይነት ነው፤ «ክፍሉ ይሸታል፣ እንግዳ ገብቶ ወጣብን።» ገበያው ቀዝቅዟል። ቡና ገዢው የሚመጣው እሸቱ ሲቀላ ነው፤ ለመስክ ሥራ የሚመጣውንም ጭቃው አስቀርቶታል። በዚህ ላይ የተገኘው አንድ እንግዳ አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ ያናድዳል።

አምፖል መቀየር፣ የወደቀ ብሬከር ማንሳት፣ ሮቶው ውስጥ ውሃ መኖሩን ማየት እዚህ አልጽፍም። ያንን ሳያይ የሚደውል ሰው አለ፤ እሱ ይህንንም አያነብም።

ምልክት፦ ተዘግቶ የከረመ ክፍል ይሸታል

መጀመሪያ የትኛው ሽታ እንደሆነ ለዩ። አንደኛው የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ነው፤ ከመታጠቢያ ቤት ይወጣል። ሁለተኛው የእርጥብ ጆንያ ዓይነት ነው፤ ከፍራሽ፣ ከቁም ሳጥንና ከግድግዳ ይወጣል። አፍንጫችሁን ካላመናችሁ ማታ የሻወሩን የወለል ማፍሰሻ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑና በላዩ ፌስታል አድርጋችሁ ድንጋይ ጫኑበት። የእጅ መታጠቢያውንም ድፈኑ። በሩን ዘግታችሁ እደሩ። ጠዋት ሽታው ከጠፋ ችግሩ ከፍሳሽ ነው፤ ካልጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነው። ይህን ሳያደርጉ ግድግዳ ቀለም የሚያስቀቡ ሰዎች ገንዘባቸው የት እንደሚገባ አላውቅም።

ብዙውን ጊዜ ፍሳሽ ነው። በእያንዳንዱ ማፍሰሻ ሥር ሲፎን አለ፤ ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው የሴፕቲክ ታንኩን ጋዝ የሚያግደው። ክፍሉ ሲያዝ እንግዳው በታጠበ ቁጥር ውሃው ይታደሳል። ክፍሉ ሳይከራይ ሲከርም ግን ውሃው ቀስ በቀስ ይተናል፣ መንገዱም ይከፈታል። «ክረምት ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ እንዴት ይደርቃል?» ይሉኛል። በእርግጥ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ነገር ግን ደህና ሲፎን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሲይዝ፣ ገበያ ላይ የሞላው ርካሹ የወለል ማፍሰሻ የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ያቺ ጥቂት ውሃ ሳምንታት አትቆይም።

ከዚያም የባሰ አለ። የርካሹ ማፍሰሻ ሲፎን ማለት ከወንፊቱ ሥር የምትደፋ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ናት። ኩባያዋ ከወጣች ሲፎን የሚባል ነገር የለም፤ ቧንቧው ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ነው። አሁን ስንቱ ሆቴል ውስጥ ወጥታ እንዳገኘኋት አልቆጥርም።

በሰቃ መንገድ ያለ አንድ ሆቴል ባለቤት፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከጓሮ ያሉ ክፍሎች ሁሉ እንደሸተቱ ነገሩኝ። ዕጣን አጭሰዋል፣ ሽቶ አስረጭተዋል፣ በረኪና በጀሪካን አስደፍተዋል። ወንፊቱን ሳነሳ ባዶ ጉድጓድ ነው። ቀና ስል ኩባያዋ መስኮቱ ላይ ተገልብጣ ሳሙና ተቀምጦባታል።

«ሐጂ፣ ይህቺን ማን አወለቃት?»

«እሷማ ልጄ ፀጉር እየያዘች ውሃ አላሳልፍ ብላ አስቸገረችን። ልጅቷ ስታጸዳ አውጥታት ነው። ለሳሙና ትሁን ብዬ እኔው ነኝ ያስቀመጥኳት።»

ኩባያዋን አጥበን መለስናት፣ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋንበት፣ መስኮቱን ከፈትን። በማግስቱ ክፍሉ ንጹሕ ሆነ። ሁለት ክፍል ቀጥሎ ግን ኩባያዋ ከነጭራሹ ተጥላለች፤ ለብቻዋ ስለማትሸጥ ሴራሚኩን ሰብረን ማፍሰሻውን ሙሉ በሙሉ ቀየርን። ለአንድ እፍኝ የማትሞላ ፕላስቲክ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና የሁለት ሰው ጉልበት ወጣ። ፀጉር ሲይዛት እጠቧትና መልሷት፤ ሥራዋ እኮ ነው!

መፍትሄው እንግዲህ ይህ ነው። ኩባያዋ በቦታዋ መኖሯን ክፍል በክፍል እዩ። ባልተያዘ ክፍል ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን በሻወሩ፣ በእጅ መታጠቢያውና በወለሉ ማፍሰሻ አንድ አንድ ጆግ ውሃ ይደፋ፤ ሽንት ቤቱም ይልቀቅበት። የሽንት ቤቱን አትርሱ፣ እሱም ይደርቃል። ክፍሉ ረዘም ላለ ጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ውሃው ላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩ፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገያል። አንድ ማንኪያ አልኩ፤ የዘይት ዋጋ ታውቁታላችሁ። አዲስ ማፍሰሻ ስትገዙ ጣታችሁን አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። ባለ ሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሌላው የክፍል ቁልፍ በተራ መስጠት ነው። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ለመሮጥ ስለሚሰንፍ ሁልጊዜ ከፊት ያሉትን ክፍሎች ይሰጣል። የጓሮዎቹ ከግንቦት ጀምሮ ሰው ሳያዩ ይከርማሉ። እንግዳ ሲመጣ ተራ በተራ ስጡ፤ ከፊሉን ጥገና እንግዳው ራሱ ታጥቦ ይሠራላችኋል።

ኩባያዋም ውሃውም እያለ ከሸተተ ጆሯችሁን ስጡ። የጎረቤት ክፍል ሽንት ቤት ሲለቀቅ የእናንተ ማፍሰሻ ግልግል የሚል ድምፅ ካሰማ ውሃው እየተመጠጠ ነው። ይህ የሚሆነው መስመሩ የአየር ቱቦ ሲያጣ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ጭራሹኑ አይሠራውም። ሌላው ሠርቶ ጫፉን ኮርኒስ ውስጥ ይተወዋል፤ ጋዙ ከቆርቆሮው ሥር ይሞላና በችፑዱ ስንጥቅ አልጋው ላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን አጋሮ መንገድ ላይ ካየሁ በኋላ ሁልጊዜ ኮርኒስ ከፍቼ አያለሁ። ቱቦው ከጣሪያ በላይ ይውጣ፣ ጫፉ ላይ ወንፊት ሽቦ ይታሰር።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ አትድፉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። ጽዳት ለሚሠሩት ልጆች ዛሬውኑ ንገሩ፤ ሁለቱን በአንድ መደርደሪያም አታስቀምጡ።

ምልክት፦ ፍራሽና ግድግዳ ሻጋታ አወጣ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ አገር ናት። ስሌቱን አንድ ጊዜ ሥሩት፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ቢሆን አንድ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,000 ሊትር ያወርዳል፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሮቶ። አሸንዳው በአቮካዶ ቅጠል ከተደፈነ ይህ ሁሉ ግድግዳው ሥር ነው የሚፈሰው። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሻጋታው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ከሆነ መሰላል አምጡና አሸንዳውን እዩ። ላይኛው ጥግ ላይ ከሆነ የቆርቆሮው ምስማር ጎማ ተበልቷል። ቁም ሳጥን ጀርባ ብቻ ከሆነ አየር አጥቷል፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት።

የጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ የለሰናችሁ በተለይ ስሙ። እርጥበቱ ከውስጥ ይታሰርና ልስኑ ሆዱን ይነፋል፣ ስትመቱት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በላዩ ዘይት ቀለም መቀባት ማባባስ ነው። ለመስቀል ብሎ የሚቀባ ሰው ገና ጥቅምት ሳይጋመስ ያው ጥቁር ነጠብጣብ ይመለስበታል፤ ከዚያ ቀለሙን ይሰድባል። ውሃውን ካላራቃችሁ ቀለም አትግዙ።

ፍራሹን በተመለከተ፣ እንዳይቆሽሽ ብላችሁ የፋብሪካውን ፕላስቲክ የማትነቅሉ ሰዎች እባካችሁ ንቀሉት። የሰው ላብ ከሥሩ ታስሮ ስፖንጁ ይበሰብሳል። ባልተያዘ ክፍል ፍራሹ በጎኑ ይቁም፣ የቁም ሳጥኑ በር ክፍት ይሁን። መስኮት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ክፈቱ፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ዝጉ። ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መተው እርጥበት መጋበዝ ነው። ፀሐይ የወጣች ዕለት ሌላው ሥራ ይቁምና ብርድ ልብስ ይሰጣ።

ክፍል ለማድረቅ ከሰል አታስገቡ። ጭስ የለውም ብላችሁ አትታለሉ፤ የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። እንግዳ «በረደኝ» ቢልም ብርድ ልብስ ጨምሩለት እንጂ ማንደጃ አትስጡት። ይህን ደግሜ እጽፈው ነበር፤ በየዓመቱ ሰው ይሞትበታል።

ምልክት፦ ነሐሴ ላይ ሽንት ቤቱ አልወርድ አለ

ሁሉም ክፍል ላይ ከሆነ መጥረጊያ እንጨት አትጨምሩበት። አፈሩ ውሃ ጠግቧል፤ ማስረጊያው ጉድጓድ የሚያሰርግበት የለውም። መምጠጫ መኪና ብትጠሩ የከርሰ ምድሩ ውሃ ተመልሶ ይሞላዋል፣ ገንዘባችሁ ሄደ። መጀመሪያ የጣሪያው ውሃ መውረጃ ወደዚያው ጉድጓድ እንዳልተገናኘ እዩ። ብዙ ቦታ ተገናኝቶ አግኝቻለሁ፤ ቦይ መቆፈር የሰነፈ ሠራተኛ ሥራ ነው። ለዩት፣ ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ ምሩት። ማስመጠጡን በበጋ አድርጉት።

ማንም ሰው ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ እንዳይገባ። ለአንድ ደቂቃም፣ የወደቀ ሰው ለማውጣትም ቢሆን አይግባ። የመጀመሪያውን ተከትሎ የገባው ነው ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚሞተው።

ሌሎቹ ባጭሩ

ሻወሩ ያነዝራል፦ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) የለውም ወይም ተቆርጧል። ብሬከሩን አውርዱ፣ ክፍሉን ቆልፉ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» ብሎ ክፍል ማከራየት ወንጀል ነው።

ቦይለሩ አያሞቅም፦ ሮቶው ባዶ እያለ ተለኩሶ ኤለመንቱ ተቃጥሏል። ከርሞ ሲከፈት መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ፤ ውሃ ሳይቆራረጥ ሲወርድ ብቻ አብሩት።

የቧንቧ ውሃ ቀልቶ ይወርዳል፦ የብረት ቱቦ ውስጥ ተኝቶ ዝጓል። እስኪጠራ ልቀቁት፣ በባልዲ ያዙና ወለል እጠቡበት።

ጄኔሬተሩ አይነሳም፦ ቤንዚኑ ከርሞ ካርቡሬተሩን ደፍኖታል። አሮጌውን አውጡ፣ ካርቡሬተሩን አስጠርጉ። ከዚያ በየሳምንቱ አምፖልና ፍሪጅ ጭናችሁበት 20 ደቂቃ አስነሱት፤ ስታቆሙት የነዳጁን ቫልቭ ዘግታችሁ በራሱ እስኪጠፋ ተዉት። ኮሪደር ውስጥ ግን አይነሳም፣ ዝናብም ቢሆን።