ቀይ ቀበሮን እንጠብቅ ሲባል የሚፈጸሙ ስህተቶች

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ አገር የላቸውም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራሉ። እነሱን ለማዳን የሚደከመው ድካም ብዙ ጊዜ መና የሚቀረው በእነዚህ ስህተቶች ነው።

ጠመንጃ የያዘን ሰው ብቻ መቆጣጠር። በጥቂት ወራት መንጋ ሙሉ የሚፈጀው ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኙ ተነስቷል። ቀበሮዎቹ ፍልፈልና አይጥ የሚያድኑት ለየብቻ ነው፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ግን ተሰባስበው አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። አንዱ ከታመመ ምራቁ ለሁሉም ይደርሳል። ከብት ተከትሎ ወደ ግጦሽ የሚወጣ ውሻ ቤት ይቅር፣ ወይም ይታሰር።

አንዴ ከትቦ መተው። ከመንደሩ ውሾች 70 በመቶው ካልተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት አይበጠስም። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዘንድሮ የተከተበው ሲሞት ያልተከተበ ቡችላ ይተካዋል። ስለዚህ ዘመቻው በየዓመቱ መደገም አለበት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶ መሆንም ያበላሸዋል። በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በካርቶን ይለዩት። የተከተበውን ውሻ ጀርባውን ቀለም ቀብተው ይልቀቁት፤ አለዚያ ያልተከተበው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ለጅብ መርዝ ማስቀመጥ። የተመረዘውን ሥጋ ቀበሮም ጥምብ አንሳም ይበላዋል።

ነዋሪውን አስወጥቶ ሜዳውን መዝጋት። በሰሜን ሸዋ የሚገኘውን የመንዝ ጓሳ የሳር ሜዳ ያቆየው ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይከርምና በጋራ በተቆረጠ ቀን ይከፈታል፣ ለክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሳር ያኔ ይታጨዳል። ሳሩ ሲከርም አይጡ ይበዛል፣ አይጡ ሲበዛ ቀበሮው ይጠግባል። አጫጅ ጨርሶ የተከለከለበት ሜዳ ሌሊት በስርቆት ይታጨዳል፤ ያኔ ደግሞ ልክ የሚያበጅለት የለም።

ዛፍ መትከል ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት። ፍልፈልና የሳር አይጥ የሚኖሩት በገላጣ ደጋ ላይ ነው። እዚያ ችግኝ መትከል የቀበሮውን ማደኛ መውሰድ ነው፤ ችግኙ በተራቆተው ተዳፋትና በመንደሩ ዳር ይተከል። በአንጻሩ ለግጦሽ ተብሎ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ማቃጠል ይቁም።

በባሌ ተራሮች አናት ባለው በሳነቴ ሜዳ መንገድ በመኪና መፍጠን። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የቀበሮውን መኖሪያ ሰንጥቆ ያልፋል።

የሞተ ቀበሮ ሲገኝ መንካት ወይም ቶሎ መቅበር። በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎል በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ ሥጋው ሳይበሰብስ በዚያው ቀን ለፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ይነገር። እስኪደርስ ውሻና ሕፃናት አይቅረቡት። ምራቅ የነካው ወይም የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክት እስኪታይ ከጠበቀ መዳን የለም።