ለአንጎል ማነቃቂያ ጥናት ስትሄዱ ከጸጉራችሁ ጀምሩ

ጀርመን ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ በቴክኒሻንነት እሠራለሁ። ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት በራስ ቅል በኩል ወደ አንጎል በሚላክበት ጥናት ላይ ተሳታፊዎችን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ዘዴው ቲዲሲኤስ ይባላል። በዚሁ አገር ጎቲንገን ከተማ ሚካኤል ኒቸ እና ቫልተር ፓውሉስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ 1 ሚሊአምፔር የሚያህል ፍሰት እጅን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል እንደሚያነቃቃና ለውጡም ፍሰቱ ከቆመ በኋላ ለደቂቃዎች እንደሚቆይ አሳይተዋል።

የአገሬ ልጆች «ለፈተና ይረዳኛልና መሣሪያውን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አትግዙ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደው ጥናት ካገኛችሁ ግን ተሳተፉ፤ ስትሄዱም እንዲህ ተዘጋጁ።

በዋዜማው ጸጉራችሁን ታጠቡ፤ ቅቤም ሆነ ቅባት አትቀቡ። ፍሰቱን ወደ ራስ የሚያስተላልፈው ኤሌክትሮድ የሚቀመጠው በጨው ውሃ በራሰ ስፖንጅ ውስጥ ነው፤ ቅባት ደግሞ ውሃውን ከቆዳው ይለየዋል። ሹሩባ ለመሠራት ካሰባችሁ ከቀጠሮው በኋላ አድርጉት። የሚጥል በሽታ፣ ራስ ውስጥ የተተከለ ብረት፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ እርግዝና ወይም የራስ ቆዳ ቁስል ካለ አትደብቁ። የምትወስዱትን መድኃኒትም ሁሉ ተናገሩ፤ አንዳንዱ የፍሰቱን ውጤት ይለውጣል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት በሌላ ቦታ ተሳታፊ ሆኜ ነበር። ጸጉሬ ቅባት ነበረው፣ ስፖንጁም በደንብ አልራሰም። ሲያቃጥለኝ «እንዲህ ነው መሰለኝ» ብዬ ዝም አልኩ። ከግራ ጆሮዬ በላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቁስል ወጣችብኝ፤ ማበጠሪያ በነካት ቁጥር ለሳምንት ያህል አመመችኝ። መጀመሪያ ላይ መጠነኛ ማሳከክና መውጋት የተለመደ ነው። ማቃጠል ግን የተለመደ አይደለም፤ «አቁሙ» በሉ። ማንም ምክንያት ሊጠይቃችሁ አይገባም።

ስፖንጁ የሚያርፍበት ቦታ እንዴት እንደሚገኝ እወቁ፤ ሲለኩላችሁም ተከታተሉ። የእጅ ጣቶችን ልምምድ በምናጠናበት ጊዜ በሜትር ሁለት መስመር እለካለሁ፦ አንዱ በዓይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት ጉብታ፣ ሌላው ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት በኩል። ሁለቱ እኩሌታቸው ላይ የሚገናኙበት ነጥብ መሐል አናት ነው። ከዚያ ወደ ግራ ጆሮ የሁለተኛውን መስመር 20 በመቶ እወርዳለሁ፤ መስመሩ 36 ሴንቲሜትር ከሆነ 7.2 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ጸጉሩን በማበጠሪያ ጭራ ከፍዬ ቆዳው ሲታየኝ ስፖንጁን አሳርፋለሁ። ሌላው ኤሌክትሮድ ከቀኝ ዓይን በላይ ግንባር ላይ ይቀመጣል። መሣሪያው የሚያሳየው፣ ፍሰቱ እንዳያልፍ የሚያግደው የመቋቋም መጠን ከ10 ኪሎ ኦም በታች ካልወረደ አልጀምርም።

ፍሰቱ በ30 ሰከንድ ያህል ቀስ ብሎ ይጨምርና ለ20 ደቂቃ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ስልክ አትነካኩ፣ አትተኙ፤ የተሰጣችሁን ልምምድ ሥሩ። ኤሌክትሪክ በራሱ የሚያስተምረው ነገር የለም፤ የሚያግዘው በዚያው ሰዓት እየተለማመደ ያለውን አንጎል ነው። ያኒን ራይስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ለአምስት ተከታታይ ቀናት ተለማመዱ፤ ፍሰቱ የደረሳቸው ሰዎች ዋናው ብልጫ የታየው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከአንዱ ቀን እስከ ሌላው በቆየው ትምህርት ላይ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ አትቅሩ።

የውሸት ፍሰት ሊደርሳችሁም ይችላል፤ ጥቂት ሰከንድ ይነዝርና ይጠፋል። ለማነጻጸሪያ የግድ ያስፈልጋልና ቅር አይበላችሁ።

መሣሪያ አትግዙ ያልኩበት ምክንያት ዋጋው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦክስፎርድ ውስጥ በተሠራ ጥናት ፍሰቱ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ አዲስ የቁጥር ምልክቶችን መማር አፋጠነ፣ የተማሩትን ሳያስቡ መጠቀምን ግን ጎዳ። ቤታችሁ ሆናችሁ የትኛውን እንዳተረፋችሁ፣ የትኛውን እንደከሰራችሁ የሚለካላችሁ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 የቃላት ትውስታን 15 በመቶ ገደማ አሻሻለ የተባለው የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ጥናትም ለሚጥል በሽታ ምርመራ ኤሌክትሮድ አንጎላቸው ውስጥ በተተከለላቸው ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ነው፤ ከገበያ ተገዝቶ ራስ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ሲያበቃ ስፖንጁ የነበረበትን ቆዳ መስታወት አስመጥታችሁ ተመልከቱ። ትንሽ መቅላት ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ማታ በጊዜ ተኙ፤ ጠዋት ስትነሡ ራስ ምታትም ሆነ ድካም ካለ ሰዓቱን ጽፋችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሚያዘጋጃችሁ ቴክኒሻን ስጡ።