ከስኒ ወደ በርጩማ፦ የኮምፒውተር ንድፍን በቤት ዕቃ መማር

በኮምፒውተር የታገዘ ንድፍ፣ በአጭሩ ካድ የሚባለውን ሙያ ለመማር የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኢንተርኔት ባገኘው የማርሽ ወይም የሞተር ሥዕል ይጀምራል። በዚያ ሥዕል ላይ ያሉትን ልኬቶች ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለወሰናቸው ለተማሪው የሚቀረው መገልበጥ ብቻ ነው። የካድ ዋና ችሎታ ግን የትኛው ልኬት መሪ፣ የትኛው ተከታይ እንደሚሆን መወሰን ነው፤ መስመር መሳሉ በጥቂት ቀን ይለመዳል። ይህን ውሳኔ ለመለማመድ በእጅ የሚያዝ፣ የሚለካና ከስክሪኑ ጎን አስቀምጠው የሚያስተያዩት ዕቃ ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት በየቤቱ ስኒና በርጩማ ስለማይጠፋ በእነዚህ ሁለቱ እንጀምራለን።

ዝግጅት

ለዚህ ትምህርት ፍሪካድ የተባለውን ፕሮግራም እመርጣለሁ። ክፍያ የለውም፣ ፈቃዱ ጊዜ አያልፍበትም፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ያገለግላል። እንደ ኦንሼፕ ያሉት በድረ ገጽ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ለጀማሪ የበለጠ የተመቹ ቢሆኑም ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ሲጭኑ ስሪት 1.0ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን ይምረጡ። በ2024 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ የወጣው ይህ ስሪት ተማሪዎችን ሲያስመርር የኖረ አንድ ችግር በእጅጉ አቅልሏል፤ ቀደም ሲል የመጀመሪያውን ሥዕል በጥቂቱ ሲያስተካክሉ በላዩ የተሠራው ሁሉ ይናጋ ነበር።

ባለ ጎማ ማውስ ቢኖርዎት ይመረጣል፤ ሞዴልን በላፕቶፕ መዳሰሻ ማዞር አድካሚ ነው። መብራት በድንገት ለሚጠፋበት አካባቢ ደግሞ ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውን ምርጫ መጀመሪያውኑ ያብሩት። የመለኪያ አሃዱን ወደ ሚሊ ሜትር ያድርጉና ከዚያ አይለውጡት።

ስኒውን መለካት

ካሊፐር (በሁለት መንጋጋው ዕቃ ይዞ የሚለካ መሣሪያ) ካለዎት ሥራው ቀላል ነው፤ ከሌለዎት ማስመሪያና ክር ይበቃሉ። ክሩን በስኒው አፍ ዙሪያ ጠምጥመው ርዝመቱን ለ3.14 ቢያካፍሉት ዲያሜትሩን ያገኛሉ፤ ዙሪያው 201 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዲያሜትሩ 64 ነው ማለት ነው። በተመሳሳይ መንገድ የታችኛውን ክብ፣ በማስመሪያ ደግሞ ቁመቱን ይለኩ። ለውፍረቱ የአፉን የውጭ ዲያሜትር ከውስጡ ቀንሰው ለሁለት ያካፍሉ። ለምሳሌ ያህል አፉ 64፣ እግሩ 40፣ ቁመቱ 50፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኒ እንውሰድ።

ልኬቶቹን በወረቀት ላይ ሲጽፉ ስኒውን በግምት በእርሳስ ይሳሉትና ቁጥሮቹን በየቦታቸው ያስፍሩ። ያለዚህ ወረቀት ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጥ ሰው እየተነሳ ሲለካ ይውላል።

ግማሹን መሳል፣ ማዞር

ስኒ ክብ ስለሆነ ሙሉውን መሳል አያስፈልግም። ቁመቱን ይዘው ከመሐል ቢቆርጡት የሚታየውን መልክ ግማሽ ብቻ ስለው በመካከለኛው ዘንግ ዙሪያ ያዞሩታል። ፓርት ዲዛይን በተባለው የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ አዲስ ቦዲ፣ ማለትም ዕቃው የሚሠራበትን መያዣ፣ ይክፈቱ፤ ከፊት ለፊት የሚታየውን ቋሚ ጠለል (ጠፍጣፋ ገጽ) መርጠው ስኬች፣ ማለትም መነሻ ሥዕል፣ ይጀምሩ። ከመነሻ ነጥቡ ወደ ቀኝ አግድም መስመር ይሳሉ፤ ይህ የስኒው ወለል ነው። ከመስመሩ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ የሚሄድ ቅስት ይጨምሩ፤ ከቅስቱ ጫፍ ተመልሰው በአግድም ወደ ዘንጉ ይምጡ፤ በመጨረሻ በዘንጉ ላይ ወደ መነሻው ወርደው ምስሉን ይዝጉ። በዚህ ደረጃ ስለ ልክነቱ አይጨነቁ፤ ተጣሞ ቢታይም ምንም አይደለም።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ስኬቹን ልክ የሚያስይዙት ኮንስትሬንት የሚባሉት ማሰሪያዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ይህ መስመር አግድም ይሁን፣ ይህ ነጥብ ከዘንጉ ላይ አይውረድ የሚሉ ሲሆኑ ሌሎቹ ቁጥር የሚሰጡ ናቸው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ስኬችፓድ በተባለው ሥራው መስመሮችን በእንዲህ ያሉ ደንቦች የማሰርን ነገር አሳይቶ ነበር። የወለሉን መስመር 20፣ የላይኛውን 32፣ ቁመቱን 50 ያድርጉ፤ በስኬች ውስጥ ያለው ግማሹ ስለሆነ ዲያሜትሩ ለሁለት መካፈሉን አይርሱ። ለቅስቱም ራዲየስ ይስጡት። ሁሉም ነገር ሲታሰር መስመሮቹ ወደ አረንጓዴ ይለወጣሉ። አረንጓዴ ካልሆኑ አንዱን ነጥብ በማውስ ጎትተው ይሞክሩት፤ የሚንቀሳቀሰው ቦታ ገና ያልወሰኑት ልኬት ያለበት ነው። ፕሮግራሙ ማሰሪያዎች እንደተጋጩ ቢያሳውቅዎ ደግሞ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ወስነዋል ማለት ስለሆነ አንዱን ይሰርዙ። የትኛውን እንደሚሰርዙ የሚነግርዎ ስኒው ነው፤ በእጅዎ የለኩት ይቆይ፣ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኘው ይሂድ።

ስኬቹን ዘግተው ሪቮሉሽን በተባለው ትእዛዝ በቋሚው ዘንግ ዙሪያ 360 ዲግሪ ያዙሩት። ውስጡ የደፈነ ስኒ ይወጣል። የላይኛውን ገጽ መርጠው ቲክነስ በሚለው ትእዛዝ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲሰጡ ይቦረቦራል። የአፉን ሁለት ጠርዞች በፊሌት 1 ሚሊ ሜትር ያለስልሱ። እዚህ 1.5 ቢጽፉ ሁለቱ ልስላሴዎች ተደምረው ውፍረቱን በሙሉ ስለሚበሉት ፕሮግራሙ ሊያስቸግር ይችላል። ማለስለስ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ ቀድሞ የተለሰለሰ ጠርዝ ለሚቀጥለው ሥራ መነሻ ሆኖ መያዝ አይመችም።

በውኃ መፈተን

ስኒው በስክሪን ላይ ማማሩ ልክ መሆኑን አያሳይም። እውነተኛውን ስኒ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እስከ አፉ በውኃ ሞልተው ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ ይቁጠሩ። ከዚያ ስሌቱን ይሥሩ፦ የውስጡ የላይኛው ራዲየስ 29፣ የታችኛው 17፣ ጥልቀቱ 47 ቢሆንና ጎኑ ቀጥ ያለ ነው ብንል፣ የሁለቱን ራዲየሶች ካሬዎችና የሁለቱን ብዜት ደምሮ በጥልቀቱና በ3.14 አባዝቶ ለ3 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ በኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ስለሚወጣ ለ1000 ሲያካፍሉት ወደ 80 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ሲሪንጁ 90 ካሳየ ስኒዎ ሆዱ ወደ ውጭ የተነፋ ነው፤ የቅስቱን ራዲየስ ቀነስ አድርገው መጉበጡን ይጨምሩ። 70 ካሳየ ደግሞ ውፍረቱ ወደ ታች ሲወርድ ይጨምራል ማለት ነው፤ በአፉ ላይ ብቻ ለክተው ሁሉም ቦታ 3 ነው ያሉት ግምት አልሠራም። በዚህ ጊዜ ቲክነስን ትተው የውስጡን ቅስት ራሱን ችሎ በስኬቹ ውስጥ መሳል ይሻላል።

በርጩማው

ባለ ሦስት እግር በርጩማ በወጣ ገባ መሬት ላይ የማይንገዳገደው ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚያርፉ ነው። ለካድ ተማሪም የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ አንድ እግር ሠርቶ ሦስት ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን በርጩማ የእጅ ሥራ ስለሆነ ሦስቱን እግሮች ቢለኩ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊያገኙ ይችላሉ። አማካዩን ከመውሰድዎ በፊት ሠሪው ምን እንዳሰበ ይጠይቁ፦ ልዩነቱ የመጥረቢያው ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ? ሞዴሉ የሚይዘው ሐሳቡን ነው።

አራት ቁጥሮችን በፕሮግራሙ ስፕሬድሺት (የቁጥር ሠንጠረዥ) ውስጥ ያስፍሩና ለእያንዳንዱ ስም ይስጡ፦ የመቀመጫ ዲያሜትር 280፣ የመቀመጫ ውፍረት 40፣ ጠቅላላ ቁመት 280፣ የእግር ዝንባሌ 10 ዲግሪ። እነዚህ መሪዎቹ ናቸው። እግሩ ከመሐል የሚርቅበት ልክ የዲያሜትሩ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 93 ያህል ይሁን፤ ይህ ተከታይ ነው። በልኬት ሳጥኑ ውስጥ የእኩል ምልክት ሲጫኑ ቁጥር ሳይሆን ቀመር መጻፍ ይቻላል።

መቀመጫውን ክብ ስለው ፓድ በሚባለው ትእዛዝ ውፍረት ይስጡት። ለእግሩ አዲስ ጠለል ይፍጠሩ፤ እግሩ ወደ ውጭ እንዲሄድ 10 ዲግሪ ያዘንብሉት፣ ከመቀመጫው የታች ገጽ በላይም 15 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ እንጨቱ ውስጥ ያስገቡት፤ ያለዚያ በዝንባሌው ምክንያት በእግሩና በመቀመጫው መካከል በአንድ ወገን ክፍተት ይቀራል። በዚህ ጠለል ላይ 40 ዲያሜትር ያለው ክብ ስለው ወደ ታች 280 ያህል፣ ከሚያስፈልገው አስረዝመው፣ ያውጡት። ፖላር ፓተርን በሚባለው ትእዛዝ ሦስት ያድርጉት። አሁን እግሮቹ ከወለሉ በታች ወርደው ጫፋቸውም ዘንበል ብሎ ይታያል። በወለሉ ከፍታ ላይ ሰፊ አራት ማዕዘን ስለው ከዚያ በታች ያለውን ፖኬት በሚባለው ትእዛዝ ይቁረጡ። የእግሮቹ ጫፍ ከመሬት ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል። ሰፈርዎ ውስጥ የእንጨት ባለሙያ ካለ «ጋሼ፣ እግሩን የሚያስተካክሉት ከመግጠምዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሞዴል ቅደም ተከተልና የሥራ ቅደም ተከተል የሚመሳሰሉበት ቦታ ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ የመሪዎቹ ጥቅም ይታያል። ዝንባሌው 10 ዲግሪ፣ ከመቀመጫው በታች ያለው ቁመት 240 ሲሆን እግሩ 42 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣና ከመሐል 135 ላይ ያርፋል፤ ከመቀመጫው ጠርዝ፣ ከ140፣ ብዙም አይርቅም። ሆኖም ሦስቱን እግሮች የሚያገናኘው ሦስት ማዕዘን ጎን ከመሐል የሚርቀው የዚህን ግማሽ፣ 68 ያህል ብቻ ነው። በሁለት እግሮች መካከል ባለው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው በርጩማውን የሚገለብጠው ለዚህ ነው። ዝንባሌውን ወደ 15 ዲግሪ ቢያሳድጉት ይህ ርቀት ወደ 79 ከፍ ይላል፤ በዚያው ልክ ግን እግሮቹ ከመቀመጫው ጠርዝ ውጭ ወጥተው የአላፊ አግዳሚውን እግር ያደናቅፋሉ። ሁለቱን እያቀያየሩ ይመልከቱና የሚሻልዎትን ይምረጡ። በስፕሬድሺቱ ውስጥ አንዱን ቁጥር ሲለውጡ የሆነ ነገር ቢበላሽ፣ በቀመር መያዝ ሲገባው በቁጥር የጻፉት ልኬት አለ ማለት ነውና ፈልገው ያግኙት።

ቀጥሎ ምን

የጄሪካን ክዳን ጥርስን፣ የረከቦት መሳቢያን፣ የበር መቀርቀሪያን በተራ መሞከር ይቻላል፤ ብዙ የሚባልላቸው ነገር የለም። ጀበና ግን ይለያል፤ ሆዱና አንገቱ እንደ ስኒው በመዞር ይወጣሉ፣ እጀታው ግን በማስመሪያ አይለካም። ከጎኑ ማስመሪያ አቁመው፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቀው፣ ዙም አድርገው ፎቶ ያንሱት፤ ቀርበው ካነሱት ወደ ካሜራው የቀረበው ክፍል ተልቆ ይታያል። ፎቶውን ወደ ፍሪካድ አስገብተው በማስመሪያው ርዝመት ልኩን ካስያዙት በኋላ የእጀታውን መስመር በላዩ ይከተሉ።

በርጩማው ካለቀ ቴክድሮው በተባለው ክፍል የፊት፣ የላይና የጎን ገጽታውን 1 ለ 5 በሆነ ሚዛን በኤ4 ወረቀት ላይ ያውጡ፤ 280 ሚሊ ሜትሩ 56 ስለሚሆን ወረቀቱ ይበቃዋል። ልኬቶቹን ይጻፉበት፣ ያትሙትና በርጩማ ለሚሠራ ሰው ያሳዩት። እሱ «ይኼ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ነገር በሥዕሉ ላይ ያልተጻፈ ልኬት ስለሆነ ወደ ፋይሉ ተመልሰው ይጨምሩት።