ጤናን ወደ ሜዳ ስናመጣ የምናበላሻቸው ነገሮች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሰፈር ቡድኖች

አንደኛው ስህተት ጤናን ለዋንጫ ቀን ብቻ ማስቀመጥ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ከዚያ ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ማይክ ተይዞ ግማሽ ሰዓት ይወራል። ተመልካቹ የመጣው ጨዋታ ሊያይ ነው። በልምምድ ቀን ታኬታ እየታሰረ የሚነገር የሁለት ደቂቃ ምክር ይሻላል፤ በአንድ ቀን አንድ ጉዳይ ብቻ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሜዳ ዳር የሚለካው የደም ግፊት ነው። ሰውየው የደሴን ዳገት ወጥቶ ወርዶ ሆጤ ስታዲየም ይደርሳል። ቡናውን ጠጥቷል፤ ምናልባትም ሲቅም ውሏል። በቆመበት፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ፣ በጃኬቱ እጅጌ ላይ ይለኩታል። «150 በ95» ሲባል ክው ይላል፤ ማታ የጎረቤቱን የግፊት ክኒን ይለምናል። ይህ ምርመራ አይባልም። ቡናም ጫትም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ የጫቱማ ለሰዓታት ይቆያል። ወንበርና ጠረጴዛ ይዘጋጅ፤ ከጨዋታ በፊት እንጂ በኋላ አይለካ። ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ክንዱ ይራቆት፣ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይደገም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «በሽተኛ ነህ» ሳይሆን «ሌላ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደህ ተለካ» ነው የሚባለው፤ ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው። 180 በ110 ከደረሰ ግን ያን ቀን አይጫወትም። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ብዥታ ካለበት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የት እንደምትልኩት ካላወቃችሁ መለኪያውን ባታወጡት ይሻላል።

ለጤናቸው ብለው ኳስ የሚጫወቱ የጤና ቡድን አባላት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮና ሱቅ ተቀምጦ የከረመ የ45 ዓመት ሰው እሑድ ጠዋት በደሴ ብርድ ሳያሟሙቅ ወጥቶ እንደ 18 ዓመት ልጅ 90 ደቂቃ ይሮጣል፤ ከዚያ ቁርጥና ቢራ። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በእሑድ ብቻ አይሞላም። ሦስት ቀን የ30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ይጨመርበት፤ እሑድም ከ15 ደቂቃ ማሟሟቅ በኋላ 20፣ 20 ደቂቃ ይጫወቱ። ደረቱን የጨነቀው ሰው «ጋዝ ነው» ብሎ መቀጠል የለበትም።

ቁርጭምጭሚት ሲዞር ወዲያው ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት ይቅር፤ ያበጠ ቦታ ሲታሽ ደሙም እብጠቱም ይብሳል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግሩን ከፍ ማድረግ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሳ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘ ተጫዋች ውሃ ተረጭቶበት አይመለስም፤ ለዚያ ቀን አበቃ።

በረመዳን ኮምቦልቻ ላይ በ9 ሰዓት ፀሐይ ልምምድ መጥራት ግፍ ነው። ለማፍጠሪያ 40 ደቂቃ ያህል ሲቀር ቀለል ያለ ሥራ፣ ጠንከር ያለው ከፍጡር በኋላ። በአብይ ጾም የሚጾሙትንም «ደካማ» ከማለት በፊት ሽሮና ምስር በበቂ መብላታቸውን መጠየቅ ይቀድማል።

ለሴቶች ልጆች የሚሰጠው ሰዓት ሁልጊዜ ወንዶቹ ጨርሰው ሲመሽ ከሆነ ቤተሰብ አይለቅም፤ ቀድመው ይጫወቱ።

የውሃ ኮዳ በጋራ አትጠጡ።