የፈረንሳይኛ ግጥምና ዝርው መድበል ለራስ ስታዘጋጁ

ከእያንዳንዱ ሥራ ግርጌ ከደራሲው ስም ጋር የቀዳችሁበትን እትም ዓመት ጻፉ። የቦድሌር «የክፋት አበቦች» በ1857 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንደወጣ ፍርድ ቤት 6 ግጥሞች እንዲወገዱ ፈረደ። የ1861ዱ እትም እነሱን ትቶ አዳዲስ ጨመረ፣ ቅደም ተከተሉንም ለወጠ። እትሙን ካልጻፋችሁ የትኛውን እንደያዛችሁ በኋላ አይታወቅም።

ሥርዓተ ነጥብ «አታርሙ»። አፖሊኔር የ1913 መድበሉን «አልኮል»ን ሆን ብሎ ያለ ነጠላ ሰረዝና ያለ ነጥብ ነው ያሳተመው። ስትተይቡ የስልኩን ራስ-ሰር አራሚ አጥፉት፤ ካልሆነ የስንኙን መነሻ ፊደል ሳይቀር ይነካካል።

አሌክሳንድራን የሚባለው ባለ12 ቀለም (የድምፅ ክፍል) ስንኝ ረጅም ስለሆነ ኤ5 ገጽ ምረጡ። ካልበቃ ፊደሉን አሳንሱ እንጂ ስንኙን ለሁለት አትስበሩት፣ ቤት መምቻው ይጠፋል። ቀለም ስትቆጥሩ 12 ካልሞላ ሰበቡ ብዙውን ጊዜ በንግግር የምትዋጠው «ኧ» (የፈረንሳይኛዋ ፊደል e) ናት፦ ከተነባቢ በፊት ስትመጣ ትቆጠራለች፣ በስንኝ መጨረሻ ግን አትቆጠርም።

ከዝርው ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ የዘለላችሁትን በቅንፍ ውስጥ ሦስት ነጥብ አሳዩ። መድበሉን ኢንተርኔት ላይ ልታወጡ ካሰባችሁ ግን በፈረንሳይ የቅጂ መብት በመሠረቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። በ1960 የሞተው የደራሲው የካሙ ሥራ ገና ከዚህ መብት ነፃ አልወጣም።